ማንም በማይሰማበት የተጣለች ፉጨት

ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና፣ ዘርዓብሩክን የማያከብር ሰው የለም፤ ለምን እንደሚያከብረው የሚያውቅም የለም። ቶራንስ ውስጥ ኢንጂነር ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ "የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ሲንተሳይዘር ዲዛይን አደርጋለሁ" ይላል፤ ጠያቂውም "ጎበዝ፣ በርታ" ብሎ ወሬውን ወደ ቤት ኪራይ ያዞራል። ሲንተሳይዘር ሲባል ፌርፋክስ የሚያውቀው የሠርግ ኪቦርድ ነውና፣ ግማሹ ሰፈር ለሁለት ዓመት ያህል ሰውየው የባንድ ዕቃ የሚጠግን ይመስለው ነበር። አንዲት እናትማ ለልጃቸው ሠርግ ቀን እንዲይዝላቸው ለምነውታል።

ይህን ውዥንብር ያጠሩት ጋሼ ጉግሳ ናቸው። ትርሲት ምግብ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ፣ ማኪያቷቸውን ገፋ አድርገው፣ "ና እስቲ ተቀመጥ። ለሰው እንደሚነገር አድርገህ ንገረኝ" አሉት።

"ጋሼ፣ ሬዲዮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሪስታል አለች። አንድ ድምፅ ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሱን ስታወጣ ግን ዝንፍ አትልም። ሲንተሳይዘር የሚባለው ያንን አንድ ድምፅ ይዞ፣ እያባዛ እያካፈለ፣ ኤፍኤሙንም፣ መካከለኛ ሞገዱንም፣ አጭር ሞገዱንም የሚያስይዘውን ሌላ ድምፅ ሁሉ ከውስጡ ያወጣል። እርስዎ ቁልፉን ሲያዞሩ ጣቢያውን የሚያገኝልዎት እሱ ነው።"

"አንድ ዜማ ብቻ ከሚያውቅ ዲያቆን ሙሉ ማኅሌት ማውጣት በለኛ!"

"ልክ እንደሱ። ያውም ቦታ ሳይፈጅ፣ ባትሪ ሳይበላ።"

"ስንት ያክላል?"

"የምስር ክክ።"

ሳህን ስታነሳ የነበረችው ትርሲት ባለችበት ቆመች። "የምስር ክክ ለመሥራት ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ? እኔ በየቀኑ አንድ ኩንታል እቀቅል የለ!"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። የሳቀው ሁሉ ግን በዚያው ቀን ኮርቶ ወጣ። በዓለም ላይ ያለ ሬዲዮ ሁሉ የሚሠራው በፌርፋክስ ልጅ ክክ ነው የሚል ወሬ ከምሳ በፊት ፒኮ ጎዳናን ተሻገረ፤ ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት የቆሙት ታክሲ ነጂዎች ዘንድ ደረሰ፤ ወደ ማታ ላይ የአውሮፕላኑንም ጨምሮ ነበር።

ጋሼ ጉግሳ ሠላሳ ዓመት ፓርኪንግ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እሳቸው ፓርክ ያላደረጉት መኪና ቢኖር ገና ከፋብሪካ ያልወጣ ነው ይላሉ። ሠላሳውንም ዓመት ከጎናቸው የቆሙት ጋሼ አንዋር ናቸው። በዓቢይ ጾም ጋሼ አንዋር የሥጋ ሳንድዊቻቸውን ከሰው መኪና ኋላ ተደብቀው ይበሉ ነበር፤ በረመዳን ደግሞ ጋሼ ጉግሳ ውሃቸውን እዚያው ቦታ ተደብቀው ይጠጡ ነበር። ሥራ ካቆሙ በኋላም አልተለያዩም። ሚድ ሲቲ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ይኖራሉ፤ ጋሼ ጉግሳ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጋሼ አንዋር ልክ ከሥራቸው ሁለተኛው ላይ። ጋሼ ጉግሳ ጣሪያቸውን ሲመቱ የላይኛው ጎረቤት ይቆጣል፣ ወለላቸውን ሲመቱ ጋሼ አንዋር ሻይ ይዘው ይመጣሉ።

ከዚያ የጋሼ ጉግሳ ዓይን ደከመ። ግላኮማ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ወደ ክሊኒክ ድራይቭ አድርገው የሚወስዷቸው ጋሼ አንዋር፣ የመድኃኒቱን ወረቀት የሚያነቡላቸውም ጋሼ አንዋር። ስልክ ለማየት ግን አልቻሉም። "ይሄ ስልክ የምትሉት መስታወት ነው፤ ያውም የማያሳይ። ጣት ብታሳርፍበት የማታውቀው አገር ይደውላል" ይሉ ነበር። የፈለጉት በእጅ የሚጨበጥ፣ የሚዞር ቁልፍ ያለው ሬዲዮ ነው። በአጭር ሞገድ ከአውሮፓ በአማርኛ የሚተላለፍ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም አለ፤ የሚሰራጨው ለአፍሪካ ቀንድ ነው፤ እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻልና፣ ከራት በፊት እንደ ምንም ሎስ አንጀለስም ይንጠባጠባል።

ጠረጴዛው አዋጥቶ ሬዲዮ ሊገዛላቸው ወሰነ። ምርጫው ለማን ይሰጥ? ለዘርዓብሩክ ነዋ! እሱም የራሱ ክክ ያለባትን ሬዲዮ መርጦ ገዛ፤ ስጦታው ሲከፈትም ምላሱ አልቻለ፣ "ውስጧ ያለው የኔ ነው" አለ። ተጨበጨበ። ጋሼ አንዋር በዚያው ቀን ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ በእርጅና ጉልበታቸው እየተንጠላጠሉ፣ የአንቴና ሽቦ ዘርግተው በመስኮት አስገቡላቸው።

በማግስቱ ምሽት ጋሼ ጉግሳ ቁልፉን አዞሩ። ጣቢያው መጣ። ዜና አንባቢው "እንደምን..." ብሎ ሳይጨርስ ከላዩ ላይ አንዲት ፉጨት ተቀመጠች፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ የተረሳ ጀበና ላይ እንደሚጮህ እንፋሎት ያለች። ቁልፉን ትንሽ ወዲህ ቢያደርጉት የለችም፣ ወዲያ ቢያደርጉት የለችም። ፕሮግራሙ ላይ ብቻ!

ቅዳሜ ምሽት ዘርዓብሩክን አስጠርተው አሰሙት። ዘርዓብሩክ ገና ከበሩ ላይ ሳለ ሰማት። እናት ከመቶ ሕፃን ልቅሶ የልጇን እንደምትለይ ለያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲንተሳይዘር የሚባል ዕቃ ሁሉ፣ ያንን ማባዛትና ማካፈሉን ሲሠራ፣ ያልተጠራች ፉጨት ይወልዳል። ኢንጂነሮች "በርዲ" ይሏታል፤ ወፊቱ እንደ ማለት። ፉጨቷን ጨርሶ የምታጠፋ ማጣሪያ ቺፑ ውስጥ አለች፣ ግን ባትሪ ትበላለች። ባትሪው ስድስት ወር እንደሚቆይ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሶ፣ ማጣሪያዋ ትዘጋለች፤ ፉጨቷም ማንም የማይደርስበት ጥግ ተፈልጎ እዚያ ትጣላለች።

ጥጉ የተፈለገው ባለፈው ዓመት፣ ቶራንስ፣ ከምሳ በፊት በነበረ ሚቲንግ ላይ ነው። አለቃው የሞገዱን ካርታ ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ "እዚህ ጋ ብናደርጋትስ? ማን አለ እዚህ?" አለ። አንዱ አየና፣ "የሆነ ለአፍሪካ ቀንድ የሚተላለፍ ትንሽ ፕሮግራም" አለ። ሁሉም ዞር ብሎ ዘርዓብሩክን አየው።

"ያንተ ሰዎች አይደሉም? ይሰሙታል?"

ዘርዓብሩክ ርቦታል። በመስኮቱ የታኮ መኪናው ይታየዋል፤ ሰልፉ ይረዝማል። በዚያ ላይ የአገሩ ነገር በተነሳ ቁጥር ወደሱ መዞራቸው ሰልችቶታል። "ኖባዲ" አለ። "ማንም አይሰማውም። ሁሉም ዩቱብ ላይ ነው።"

ሚቲንጉ በዚያች ቃል አለቀ። ዘርዓብሩክ ታኮ በላ፤ ጣፍጦት ነበር። ያ መጣፈጡ ነው አሁን የጋሼ ጉግሳ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የመረረው። "ማንም" የተባለው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ለጥፎ፣ ከፉጨቷ ሥር አንዲት ቃል ለማውጣት ይታገላል።

"ሰማህ?" አሉ ጋሼ ጉግሳ።

"ሰማሁ ጋሼ።"

"ጃም እያደረጉኝ ነው! እያፈኑኝ!"

ይህን ሲሉ ዘርዓብሩክ አንድ ነገር አየ። ሰውየው አልከፋቸውም። እንደውም ወገባቸው ቀንቷል፣ ቁመታቸውም አንድ ስንዝር የጨመረ ይመስላል። ድሮ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ሲታፈን ያውቃሉ፤ የሚታፈነው ደግሞ የሚፈራ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ቤት ተቀምጠው፣ እነሆ አሁን አንድ ኃያል አካል ባሕር ተሻግሮ ሊያፍናቸው ብዙ ሚሊዮን ያወጣል!

በማግሥቱ ወሬው ትርሲት ቤት ገባ። ማን ነው የሚያፍናቸው የሚለው ላይ ስምምነት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የየራሱ "እነሱ" አለው። ዘርዓብሩክ ድፍረቱን ሰብስቦ፣ "ጋሼ፣ ፉጨቷ ከራሱ ከሬዲዮው ልትሆን ትችላለች" አለ።

ጠረጴዛው ተቆጣ። ታክሲ ነጂው ተስፋሁን እጁን አነሳ። "ዘርዓ! ይሄ ትሕትና እኮ ነው የገደለን! ቻይና አንድ ቀን 'የኔ ዕቃ ሊሆን ይችላል' ብላ ታውቃለች?"

"እውነቴን ነው፣ ቺፑ..."

"ዝም በል!" አሉ ጋሼ ጉግሳ። "ልጃችን የሠራው ዕቃ አይጮህም። ሁለተኛ የራስህን ሥራ ስታናንቅ እንዳልሰማ።"

ዘርዓብሩክም ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ትርሲት ክትፎ አመጣችለት፤ በላ። ይህን ክትፎ ደግሞ በኋላ፣ ሲጸጸት፣ ከታኮው ጎን አስቀመጠው።

ያኔ ነው ጋሼ አንዋር፣ እስከዚያች ደቂቃ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያቺን የተረገመች ቃል የተናገሩት፦

"ኧረ ጉግሳ፣ አንተን ደሞ ማን ጃም ያደርግሃል?"

ምግብ ቤቱ ጸጥ አለ። ወጥ ቤት የሚጠበሰው ሽንኩርት ሳይቀር ጸጥ አለ።

"ምን አልክ?"

"ማን ነህ ብለው? የፓርኪንግ ትኬት ምስጢር እንዳታወጣ?"

ሰው ሳቀ። ጋሼ ጉግሳ ግን ሳቁ የመጣበትን አቅጣጫ በማያዩ ዓይኖቻቸው ፈልገው ሲያጡት፣ ፊታቸው ጠቆረ። "እንግዲያው ገብቶኛል" አሉ ቀስ ብለው። "ሽቦውን የዘረጋው ማን ነው? አንተ። በረንዳህ ላይ ያንን ትሪ የሚያክል ዲሽ የተከለው ማን ነው? አንተ። ከሥሬ ተቀምጠህ!"

"ዲሹ የቴሌቪዥን ነው፣ አንተ ሽማግሌ!"

"ለምን ታዲያ ወደኔ መስኮት ያያል?"

"ሳተላይቱ በዛ በኩል ስለሆነ ነዋ! አምላክን ጠይቀው!"

እንዲህ ተጀምሮ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የጠፋች የአንዲት መርሰዲስ ቁልፍ ጉዳይ ድረስ ሄደ። ጋሼ አንዋር ጋዜጣቸውን አጥፈው ወጡ። ከዚያን ዕለት ወዲያ ወለል ቢመታ ሻይ አልመጣም። ክሊኒክ የሚያደርስ ጠፍቶ ጋሼ ጉግሳ አንድ ቀጠሮ አለፋቸው፤ ሁለተኛውን ተስፋሁን ወሰዳቸውና መንገድ ሙሉ ስለ ጃም ሲያወሩ ጭራሽ ሌላ ክሊኒክ አደረሳቸው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ትርሲት ዘርዓብሩክን ባንኮኒው ጋ ያዘችው። "ሰማህ? ጋሼ አንዋር ሊሄድ ነው። ልጁ ሩመይሳ ጋ፣ በርባንክ።"

በርባንክ ለአገሩ ካርታ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ለፌርፋክስ ሰው ግን በርባንክ የሄደ ሰው የሚታወሰው በፎቶ ነው፤ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ "እንዴት ከረምክ፣ እዛ ክረምቱ እንዴት ነው?" ይባላል።

"መቼ?"

"ቅዳሜ። 'ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ሰላይ ካለኝ ጋር አንድ ደረጃ አልወጣም' አለ። ጋሼ ጉግሳ ደግሞ ሲሰማ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ምንም። ዓይኑን ጠረገ፣ የዓይን መድኃኒቱ ነው አለኝ።"

ዘርዓብሩክ የዚያን ሳምንት ፌርፋክስን ሸሸ። እንጀራ ለመግዛት ትርሲት ቤት ፊት ለፊት እንዳያልፍ በሦስት ፍሪዌይ ዞሮ ሄደ። ሥራ ቦታ ማይክሮዌቭ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። ሐሙስ ላይ አልቻለም፤ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ።

"አባ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ አንዲት ማጣሪያ ዘግቻለሁ።"

"የምን ማጣሪያ ልጄ? የውሃ?"

"የፍሪኩዌንሲ።"

"ሰው ሞተ?"

"አልሞተም። ሁለት ሽማግሌዎች ተጣሉ።"

"ሴት አለችበት?"

"የለችም።"

አባ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለ። "እንግዲያው ያበላሸኸውን አስተካክል" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙት።

ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ እውነቱን ይናገር ነበር። ዘርዓብሩክ ግን ኢንጂነር ነው፤ "አስተካክል" ሲባል የሚታየው ዕቃ ነው። በቀጥታ ሚድ ሲቲ ሄደ። "ጋሼ፣ ሬዲዮዋ አቧራ ይዛለች፣ ልጥረግላት" አለ። ሬዲዮዋ ላይ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ሲያዙ ከቆጣቢው አሠራር ወደ ሙሉ ኃይሏ ትዞራለች፤ ማጣሪያዋም ትከፈታለች። ይህን የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ጋሼ ጉግሳ ጎኑ ተቀምጠዋል፣ የሚያደርገውን አያዩም፤ አለማየታቸውንም ዘርዓብሩክ አስቀድሞ አስቦበታል። ቁልፎቹን ተጫነ፣ በመሀረብ ጠረግ ጠረግ አደረገ፣ ወጣ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ እሱ ሹልክ እያለ ይቀይራል። ማንም ሳያፍር ነገሩ ያልቃል! ደረጃውን ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ቀለለው።

የማያውቀው ነገር፣ በዚያው ከሰዓት ጋሼ አንዋር ለጉዞው ሲዘጋጁ ዲሹን ከበረንዳው ነቅለው ማውረዳቸውን ነው።

ምሽት ላይ ጋሼ ጉግሳ ቁልፉን አዞሩ። "እንደምን አመሻችሁ፣ እንደምን አነጋችሁ" አለ ዜና አንባቢው፣ ጠርቶ፣ ከጉሮሮው ጉንፋኑ ሳይቀር እየተሰማ። ፉጨት የለም። ጋሼ ጉግሳ ዲሹ ሲነቀል በመስኮት ሰምተው ነበርና፣ ወዲያው ጎረቤት ለምነው ትርሲት ቤት አስደወሉ። "ዲሹ ወረደ፣ ፉጨቷ ጠፋች! በአንድ ቀን! ሌላ ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?"

ማስረጃ ሲፈልግ የነበረ ሁሉ አሁን አመነ። ለጋሼ አንዋር ሲከራከሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ተስፋሁን ተነስቶ፣ "እኔ ድሮም ያ ሰውዬ ጋዜጣ ሲያበዛ ደስ አይለኝም ነበር" አለ። ትከሻው ቀልሎት ያን ምሽት ትርሲት ቤት ብቅ ብሎ የነበረው ዘርዓብሩክ፣ "ስሙኝ! እኔ ነኝ! ዛሬ ሬዲዮዋን ያስተካከልኳት እኔ ነኝ!" ብሎ ተነሳ።

ትርሲት እጁን ይዛ አስቀመጠችው። "አይ ዘርዓ። ጋሼ አንዋር እንዳያፍር ብለህ ነው። እንዴት ያለ አንጀት ነው ያለህ!" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የዕቃ ማጓጓዣው መኪና አፓርትመንቱ በር ላይ ቆመ። ጋሼ አንዋር አንድ ሶፋ በአንድ በኩል አንስተው በሌላው በኩል የሚያነሳላቸው ሲፈልጉ ዘርዓብሩክ ደረሰ። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ከታኮው ጀምሮ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

ጋሼ አንዋር ሶፋውን አስቀመጡና ተቀመጡበት። "እና ለኔ ምን ትነግረኛለህ?" አሉ። "እኔ ሰላይ አለመሆኔን እኔ አጣሁት? ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍህ የት ነበር?"

"ጋሼ፣ ፈርቼ..."

"የምትፈራው ከላይ ነው ያለው። ውጣ! ወላሂ ዛሬ ያልወጣህ እንደሆነ ይሄን ሶፋ ብቻህን በርባንክ ድረስ ትሸከመዋለህ!"

ዘርዓብሩክ ወጣ። ጋሼ ጉግሳ መስኮቱን ዘግተው ተቀምጠዋል፤ የመኪናውን ድምፅ ላለመስማት ነው። ዘርዓብሩክ ሬዲዮዋን አበራ፣ የፕሮግራሙ ቦታ ላይ አደረጋት። በጠዋት ፕሮግራም የለም፤ የተኛ ባሕር የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለቱን ቁልፎች ተጫነ። ፉጨቷ መጣች።

ጋሼ ጉግሳ ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ተመለሱ!"

"ጋሼ፣ ዲሹ ታች መኪና ውስጥ ነው፤ የተሰካበት ነገር የለም።" መልሶ ተጫነ፤ ጠፋች። ተጫነ፤ መጣች። "እኔ ነኝ። ጣቴ ነው። ከድሮውም የኔ ነበረች።"

ከዚያ ሚቲንጉን ነገራቸው። ካርታውን፣ የአለቃውን ጥያቄ፣ የሰጠውን መልስ። ጋሼ ጉግሳ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያ የጨመሩት ስንዝር ቁመት ዘርዓብሩክ እያየው ተመልሶ ወረደ። እውነት መናገር ያቀልለኛል ብሎ ነበር የመጣው፤ አሁን ግን ከአንድ ሽማግሌ ላይ በዚህ ዕድሜያቸው ያገኟትን አንዲት ጠላት የነጠቀ መሰለው።

"ማንም አይሰማውም አልክ።"

"አልኩ።"

"ሶ፣ አፋኝ አልነበረም።"

"አልነበረም ጋሼ።"

"ባትሪ ለመቆጠብ ነው።"

ጋሼ ጉግሳ የሬዲዮዋን ቁልፍ በጣታቸው ዳበሱ። "ሠላሳ ዓመት ባለመኪኖች መስኮት አውርደው ቁልፍ ይወረውሩልኛል፤ ፊቴን ያየው የለም። እሱ አልገረመኝም። አንተ ግን ማኪያቶ አብረኸኝ ትጠጣለህ።"

"እኔም ብያለሁ" አለ ድምፅ ከበሩ። ጋሼ አንዋር ናቸው፤ ፉጨቷን ከደረጃው ሰምተው ወጥተው፣ እያለከለኩ ቆመዋል። "ልጁ 'ማን ይሰማል' አለ፣ እኔ 'ማን ያፍንሃል' አልኩ። ያውም ሰው ፊት። የኔ ይብሳል።"

ጋሼ ጉግሳ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። "የምን ደረጃ ነው የምትወጣው? አልወጣም ብለህ አልነበረም?"

"ለሶፋው ሌላኛው ጫፍ ሰው ፍለጋ ነው።"

"ሰላይ ያልኩህን..."

"እሱን ተወው። ጉግሳ፣ አንተን የሚያፍን መንግሥት ቢኖር መጀመሪያ ድምፄን የምሰጠው እኔ ነበርኩ! ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ላስቆመው ያልቻልኩትን ወሬህን!"

ጋሼ ጉግሳ ላለመሳቅ ታገሉ፤ ትከሻቸው ግን ቀድሞ ከዳቸው። "ይቅር በለኝ፣ አንዋር" አሉ ሳቁ ሳያልቅ፣ እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው። ጋሼ አንዋርም መጥተው እጁን ያዙት። ዘርዓብሩክ መውጣትም መቆየትም አፍሮ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ።

በመጨረሻ ጋሼ ጉግሳ ወደሱ ዞሩ። "አንተ ደሞ። አሁን ሄደህ ለትርሲት ቤት ልትናገር ነው?"

"አዎ ጋሼ። ለሁሉም። ዛሬውኑ።"

"አትናገርም!"

"እንዴ?"

"ምን ልትል ነው? 'ጉግሳን ያፈነው ባትሪ ቆጣቢ ነው' ልትል? ሰፈሩ እስኪሞት ሊስቅብኝ? አንተ እንዲቀልህ እኔ መቅለል የለብኝም። ጃም ነበር፤ አበቃ። አፋኞቹን ደርሶ ያገኛቸው አንዋር ነው፤ ዲሹን ያወረደውም እነሱን ለማደናገር ነበር። መሣሪያቸውን የሰበርከው አንተ ነህ።"

"ጋሼ፣ እንዴት ብዬ እንዲህ ያለ..."

"ባትሪም አንተ ታመጣለህ። አሁን ውረድና የሰውየውን ዕቃ መልስ።"

ዘርዓብሩክ ያንን ሶፋ፣ ፍሪጁንና ዘጠኝ ካርቶን ወደ ሁለተኛ ፎቅ መልሶ አወጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደረጃው ላይ ቆመው፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ እያዘዙት፣ መርሰዲሷን እንደ አዲስ ጀምረው ነበር።

ሰኞ ቶራንስ ገብቶ አለቃውን፣ "ያንን ፕሮግራም የሚሰማ ሰው አለ፤ ተሳስቼ ነው" አለው። አለቃው ደግ ሰው ነው። "ኦኬ፣ በሚቀጥለው ቺፕ እናዛውራት። የት እንጣላት?" ብሎ ካርታውን አበራ። ዘርዓብሩክ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር አየው። አንዱ ጥግ ላይ አንድ የደሴት ጣቢያ አለ፤ ሌላው ላይ ስሙን የማያውቀው ቋንቋ። እዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን የለጠፈ አንድ ሰው ታየው። ጣቱን አንስቶ የትም ማሳረፍ አቃተው። "ማጣሪያዋን እንክፈታት" አለ። "ካርቶኑ ላይ ስድስት ወር የሚለውን ሦስት እንበለው።" አለቃው ሳቀ፣ ለገበያ ክፍሉ እነግራለሁ ብሎ ለምሳ ወጣ። ዘርዓብሩክ አልወጣም።

ቅዳሜ ትርሲት ቤት ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ወንበር ከጎረቤት ተዋሱ። ጋሼ ጉግሳ ታሪኩን ይናገራሉ። አፋኞቹ የነበሩት ሳንታ ሞኒካ ባሕር ላይ፣ መብራቷን ባጠፋች መርከብ ውስጥ ነው። ጋሼ አንዋር ጎናቸው ተቀምጠው፣ "ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጥቁር መርከብ" ይላሉ፣ አንዲት ጡንቻቸው ሳትንቀሳቀስ። ተስፋሁን ይቅርታ ጠይቆ የጋሼ አንዋርን ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም ትንሽ አስለመኑት። "ይሄ ልጅ ደግሞ" አሉ ጋሼ ጉግሳ፣ "በዚያች ክኩ ብቻ፣ የመርከቧን መሣሪያ ከዚህ ሆኖ አቃጠለው!"

ቤቱ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። ዘርዓብሩክ አፉን ከፈተ፤ የጋሼ አንዋር ጫማ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ። ትርሲት ሙሉ ትሪ ቁርጥ ፊቱ አስቀመጠች፣ የሚከፍል ሰው እንዳላይ ብላ። ሰው ሁሉ እስኪጎርስ ይጠብቀዋል። አንድ ጉርሻ ጎረሰ፤ አልወረደለትም።

ጋሼ ጉግሳ ተነሱ። ሁሉም ተነሳ። እጃቸውን ወደ ዘርዓብሩክ ዘረጉ፤ አቅጣጫውን ትንሽ ስተው ነበርና ጋሼ አንዋር ክንዳቸውን ይዘው በቀስታ አስተካከሉላቸው።

"ስምህን ከፍ ያድርገው! የሠራኸው ይባረክ! ሰው ሁሉ ይስማህ!"

"አሜን!" አለ ቤቱ።

ምርቃቱ ረዥም ነበር። ዘርዓብሩክ አንገቱን ደፍቶ፣ ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ ይዞ፣ በየአሜኑ ትከሻው አንድ አንድ ጣት እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው ቆሞ ተቀበለ።